የእግር ደም ቅዳ ሲዘጋ፦ ስድሳ ዓመት የተጓዘ ሕክምና እና የጅግጅጋ መንገድ

በጅግጅጋ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ሐኪም ሊጠቀምበት ይችል የነበረ አንድ ምልክት እየጠፋ ነው። ግመሉን ተከትሎ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ አርብቶ አደር የእግሩ ደም ቅዳ ቢጠብበት ያውቀዋል። ጥቂት መቶ እርምጃ እንደሄደ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይለቀዋል፣ መንገዱን ሲቀጥል እንደገና ይይዘዋል። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ሱቁ በባጃጅ የሚመላለስ የከተማ ነጋዴ ግን ይህን ማስጠንቀቂያ አያገኝም። ደም ቅዳው በግማሽ፣ ከዚያም በሦስት አራተኛ ሲጠብ እግሩ ምንም አይነግረውም፤ አይሄድበትማ። መጀመሪያ የሚያውቀው አውራ ጣቱ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ሳምንታት አልፈው አልድን ስትለው ነው። የስኳር ሕመም ካለበት ደግሞ ነርቩ ስለደነዘዘ ቁስሏንም የሚያያት ዘግይቶ ነው።

ይህ ዳሰሳ የተዘጋ የእግር ደም ቅዳን ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ በቀጭን ቱቦና በፊኛ የመክፈት ጥበብ እንዴት እንደተጀመረ፣ የት እንደደረሰና በሰሜናዊ ሶማሌ ክልል፣ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬ ወይም በሽንሌ ለሚኖር ሰው ምን ትርጉም እንዳለው ይመለከታል። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩትን ዓ.ም. ብዬ ለይቻለሁ። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ስመረምረው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል፦ የእግርን ዕጣ ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ የወሰነው በሽተኛው መሣሪያው ዘንድ የደረሰበት ሰዓት ነው።

በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቀስ በቀስ የሚመጣው ነው። ሲጋራ፣ ስኳር፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል የደም ቅዳውን ግድግዳ ለዓመታት ሲጎዱት ስብና ካልሲየም እየተከማቸ መተላለፊያውን ያጠበዋል። የተዘጋ መንገድ የገጠመው ውኃ ጎን ለጎን መውረጃ እንደሚፈልግ ሁሉ ደምም በትንንሽ ቅርንጫፎች ለመዞር ይሞክራል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው የሚኖረው። ቅርንጫፎቹ ሳይበቁ ሲቀሩ በእረፍት ጊዜም ሕመም ይጀምራል። በሽተኛው ሌሊት እግሩን ከአልጋው ዝቅ አድርጎ አንጠልጥሎ ያድራል፤ ደሙ በክብደቱ ትንሽ ወረድ ሲልለት ሕመሙ ይቀንሳል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁስልና ጋንግሪን (የሥጋ መሞት) ነው።

በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት በ2010 በዓለም ዙሪያ 202 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ እንደነበረባቸው ገምቷል። ከመቶ ሰባ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ2000 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የሕሙማኑ ቁጥር በሀብታሞቹ አገሮች 13 በመቶ ገደማ ሲጨምር በእነዚህኞቹ ወደ 29 በመቶ ጨምሯል። በሰሜናዊ ሶማሌ ክልል ከተሞች ይህ ለምን እንደሚጠበቅ ለመረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የቀብሪ በያህ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ1991 ነው። በሰላሳ ዓመቱ ሸሽቶ የገባ ሰው ዛሬ ስድሳውን አልፏል፤ የደም ቅዳ መጥበብ የሚበዛውም ከዚሁ ዕድሜ ወዲያ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 በተደረገው ጥናት ከመቶ ዐዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኛዎቹም ሕክምና አልጀመሩም ነበር። በዚህ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሩዝና ፓስታ፣ ከጫት ጋር የሚጨስ ሲጋራ፣ ረጅም መቀመጥ ሲታከልበት ሥዕሉ ይሞላል።

ሁለተኛው መልክ ድንገተኛ ነው። ከልብ የተነሣ የደም ጓል ወርዶ እግሩን በደቂቃ ውስጥ ይዘጋዋል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይነጣል፣ ሕመሙ ያስጮኻል፣ ቀስ እያለም ይደነዝዛል። በሀብታም አገሮች ይህ የአረጋውያን አደጋ ነው። በእኛ አገር ግን በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ልባቸውን የጎዳባቸው፣ የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸው ወጣት እናቶችም ይገኙበታል። ጡንቻው ያለ ደም የሚቆየው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ስለ መንገዱ ስናወራ እመለስበታለሁ።

ከቢላ ወደ ፊኛ

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ ለተዘጋ የእግር ደም ቅዳ የነበረው መልስ ባመዛኙ መጋዝ ነበር። በ1948 ዣን ኩንሊን የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ፓሪስ ውስጥ ከበሽተኛው ከራሱ እግር ደም መልስ አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ የተዘጋውን ቦታ አልፎ ከታች በመስፋት ለደሙ አዲስ መሻገሪያ ሠራ። ደም መልሱ የሚገለበጠው በውስጡ ያሉት ከለላዎች ደም ወደ ታች እንዳይወርድ ስለሚከለክሉ ነው። ባይፓስ የሚባለው ይህ ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ወደ መጨረሻ እንደምናየው በቅርቡ ክብሩ ጨምሯል። ችግሩ ሰዓታት የሚወስድ፣ ጠንካራ ማደንዘዣና ጥሩ ልብ የሚጠይቅ፣ ረጅም ቁስል የሚተው መሆኑ ነው። እግሩ የተዘጋበት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የልቡም ደም ቅዳ የጠበበ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ማቅለያ የመጣው ለድንገተኛው መዘጋት ነው። ቶማስ ፎጋርቲ የተባለ አሜሪካዊ ገና ተማሪ ሳለ በሲንሲናቲ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ክፍል ሲረዳ የደም ጓል ለማውጣት እግር ከላይ እስከ ታች ሲተለተል አይቶ ነበር። የቀዶ ሕክምና ጓንት ትንሿን ጣት ቆርጦ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ አሰራት፤ ዓሣ ሲያጠምድ የለመደውን ቋጠሮ ተጠቅሞ ነው ያሰራት። ቱቦው በብሽሽት በኩል በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፣ ጓሉን አልፎ ይሄዳል፣ ከዚያ ፊኛዋ ትነፋና ወደ ኋላ ስትጎተት ጓሉን ይዛ ትወጣለች። በ1963 በሕክምና መጽሔት ታተመ። ይህ መሣሪያ የኤክስሬይ ክፍል ሳያሻው፣ ብሽሽት ላይ ብቻ በሚሰጥ ማደንዘዣ፣ በመደበኛ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊሠራበት የሚችል ነው። ስለ ጅግጅጋ ሳስብ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚስበው እሱ ነው።

የቀስታውን መዘጋት በቱቦ የከፈተው ቻርልስ ዶተር ነው፤ በኦሪገን፣ ፖርትላንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነበር። ጥር 16 ቀን 1964 ወደ እሱ የመጡት የ82 ዓመት እናት የእግር ጣቶቻቸው በጋንግሪን የጠቆሩ፣ ሐኪሞቻቸው ሁሉ እግራቸው ይቆረጥ ያሏቸውና እሳቸው እንቢ ያሉ ሴት ነበሩ። ዶተር የጭናቸው ደም ቅዳ አንድ አጭር ቦታ ላይ ብቻ መጥበቡን በኤክስሬይ አየ። ስዊድናዊው ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር በ1953 ባስተማረው ዘዴ በመርፌ ገባ፣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳለፈ፣ በሽቦው ላይ መጀመሪያ ቀጭን ቀጥሎ ወፈር ያለ የቴፍሎን ቱቦ አስከትሎ ጠባቡን ቦታ አሰፋው። እግሩ እዚያው ሞቀ። ሕመማቸው በቀናት ውስጥ ለቀቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ በእግራቸው ሄዱ።

የእኚያ እናት እንቢታ ብዙ ያሳስበኛል። በእኛም ሆስፒታሎች እግሩ እንዲቆረጥ የተነገረው ሰው እንቢ ይላል፣ ከቤተሰቡና ከጎሳው ሽማግሌዎች ጋር ለመመካከር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ባለሙያው ይህን እንደ ግትርነት ያየዋል። ነገር ግን ግመል ማገድና ውኃ መቅዳት ላለበት ቤተሰብ፣ አምስት ጊዜ ቆሞና ተንበርክኮ ለሚሰግድ ሰው፣ እግር ማጣት ምን እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የፖርትላንዷ እናት እንቢታ ሕይወታቸውን ያላስከፈላቸው ሌላ አማራጭ ይዞ የሚጠብቅ ሐኪም በመኖሩ ነው። አማራጭ በሌለበት ያው እንቢታ መርዙ ወደ ደም እስኪገባ ያቆያል።

የዶተር አገር ሰዎች ሐሳቡን ለዓመታት ገሸሽ አደረጉት። ቀዶ ሐኪሞች በሽተኛ ሲልኩለት ፎቶውን ብቻ እንዲያነሣ፣ ለመጠገን ግን እንዳይሞክር የሚያሳስቡበት ጊዜ ነበር። ሥራውን ያነሣችው አውሮፓ ናት። ጀርመናዊው ኤበርሃርድ ዛይትለር ዘዴውን አስፋፋ፤ ከእሱ የተማረው አንድሬያስ ግሩንትሲግ ደግሞ ዙሪክ በሚገኘው ቤቱ የማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፕላስቲክ ፊኛ ሲሠራ፣ ሲፈነዳበት፣ ደግሞ ሲሠራ ቆየ። የሱ ፊኛ ልዩነቷ ጠንካራ መሆኗ ነው። ከተለካላት ስፋት በላይ አትለጠጥም፤ ስለዚህ ጤነኛውን ግድግዳ ሳትቀድ ጠባቡን ትጫናለች። በየካቲት 1974 በእግር ደም ቅዳ ላይ ሞከራት፤ መስከረም 16 ቀን 1977 ደግሞ በልብ ደም ቅዳ ላይ። የልቡ ስኬት ዓለምን አስደነቀና ከእግር የተነሣው ጥበብ የልብ ሕክምና ተብሎ ታወቀ። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ የልብ ደም ቅዳ በፊኛ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ያው ጥበብ በእግር መጀመሩን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ፊኛ የከፈተችው ቦታ ተመልሶ ይጠባል። ትውልዱ አርጀንቲናዊ የሆነው ሁሊዮ ፓልማዝ የግሩንትሲግን ንግግር ሰምቶ ሲወጣ ግድግዳውን ደግፎ የሚይዝ የብረት መረብ (ስቴንት) ማሰብ ጀመረ። ሥራውን በ1985 አሳተመ፤ በ1991 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በዳሌ ውስጥ ላለው ደም ቅዳ ፈቀደለት። ዳሌ ላይ ስቴንት ጥሩ ይሠራል፤ ደም ቅዳው ሰፊ ነው፣ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከጭን ጀምሮ ግን ነገሩ ይከብዳል። የጭን ደም ቅዳ በእያንዳንዱ እርምጃ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ይጨመቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ስቴንቶች እዚያ ተሰበሩ። ከጉልበት በታች ያሉት ደም ቅዳዎች ደግሞ ስፋታቸው ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ በስኳር ሕመምተኛ ላይ ካልሲየም ተጋግሮባቸው እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ። የስኳር ሕመም ዋነኛ መንደሩ እዚያው ከጉልበት በታች መሆኑ የዚህ ሕክምና ትልቁ ፈተና ነው።

የመድኃኒት ፊኛ፣ ፍርሃቱና ፈተናው

በ2008 ጀርመን ውስጥ የተደረገ ጥናት ፓክሊታክሰል የተባለ የካንሰር መድኃኒት የተቀባ ፊኛ የጭን ደም ቅዳ ተመልሶ መጥበቡን እንደሚቀንስ አሳየ። መድኃኒቱ የግድግዳው ሕዋሳት እንዳይባዙ ይገታል። በ2014 እና በ2015 አሜሪካም ፈቀደች፣ ፊኛው በየሆስፒታሉ ገባ። ከዚያ ታኅሣሥ 2018 ላይ ኮንስታንቲኖስ ካትሳኖስና ባልደረቦቹ 28 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲያሰሉ ይህ መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት መሞታቸውን አስታወቁ። በሙያው ውስጥ ድንጋጤ ሆነ። የተጀመሩ ጥናቶች ቆሙ፣ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2020 የስዊድን ሐኪሞች 2,289 ሕሙማን ያሉበትን የራሳቸውን ጥናት ገና ሳያልቅ ከፍተው ተመለከቱ፤ በሞት ልዩነት አላገኙም። በሐምሌ 2023 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት የተጨመረው መረጃ አደጋውን እንደማይደግፍ ገልጾ ማስጠንቀቂያውን አነሣ።

ፍርሃቱ አለፈ፤ ጥያቄው ግን ቀረ። መድኃኒቱ ካልገደለ እግር ያድናል ወይ? ያው የስዊድን ጥናት በ2025 የመጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ በመድኃኒት የተቀባው መሣሪያ ከተራው ይልቅ ከመቆረጥ እንዳላዳነ አሳየ። በፎቶ ላይ የሚታየው የደም ቅዳ መከፈት እና በሽተኛው በሁለት እግሩ ወደ ቤቱ መግባቱ ለየቅል ናቸው። ከኪሱ ከፍሎ ለሚታከም ኢትዮጵያዊ ይህ ውጤት ከማንም በላይ ይጠቅመዋል፤ ውዱ ፊኛ ስለሌለ ብቻ ምንም የለም ተብሎ ተስፋ መቁረጥ እንደሌለበት ይነግረዋልና።

ከዚህ የሚበልጠው ዜና በ2022 የመጣው ነው። ቤስት ሲ ኤል አይ የተባለው ጥናት እግራቸው ለመቆረጥ የተቃረበ 1,830 ሰዎችን በዕጣ ለቀዶ ሕክምናና ለፊኛ መደበ። ለመሻገሪያ የሚሆን ጥሩ ደም መልስ ከነበራቸው ውስጥ ከባድ የእግር ችግር ወይም ሞት የገጠማቸው በቀዶ ሕክምናው ወገን 42.6 በመቶ ሲሆኑ በፊኛው ወገን 57.4 በመቶ ነበሩ። የኩንሊን የ1948 ሥራ ከስንት አዲስ መሣሪያ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ጥሩ ደም መልስ በሌላቸው ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2023፣ ባዝል ሁለት የተባለው የብሪታንያ፣ የስዊድንና የዴንማርክ ጥናት 345 ሰዎችን ከጉልበት በታች ላለ መዘጋት ሲያነጻጽር የተገላቢጦሹን አገኘ። እግራቸው የተቆረጠ ወይም የሞቱት በቀዶ ሕክምና ከጀመሩት 63 በመቶ፣ በፊኛ ከጀመሩት 53 በመቶ ሆኑ። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሞክሩ ጽሑፎች ገና አላለቁም። የተጠኑት ሰዎች ዕድሜና የመዘጋቱ ቦታ የተለያየ እንደነበር መናገሩ ለአሁን ይበቃል። ሁለቱም ጥናቶች የሚያሳዩትን መራራ ነገር ግን ማለፍ አይቻልም፦ እግሩ እስከዚህ ደረጃ ከደረሰ በምርጥ ሆስፒታል፣ በምርጥ እጅ ቢታከምም ግማሽ ያህሉ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወይ እግሩ ከባድ ችግር ይገጥመዋል ወይ ሕይወቱን ያጣል።

ሌሎቹን አዳዲስ መሣሪያዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ካልሲየሙን በድምፅ ሞገድ የሚሰነጥቅ ፊኛ አለ፤ ቆሻሻውን የሚፍቅ ቱቦ አለ፤ በ2024 ከጉልበት በታች የሚገባና በጊዜ ሟሙቶ የሚጠፋ ስቴንት በአሜሪካ ተፈቅዷል። በ2023 ደግሞ ሌላ መንገድ ያልቀረላቸውን ሰዎች ደም ቅዳ ከደም መልስ ጋር አገናኝቶ ደሙን በተቃራኒ መንገድ ወደ እግር የሚወስድ ዘዴ ተፈቅዷል። አስደናቂ ሥራዎች ናቸው፤ ለእኛ ከተሞች ግን የነገም ሳይሆን የከነገ ወዲያ ጉዳይ ናቸው። ይልቅ በ2012 የወጣውን አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት አብልጬ እወደዋለሁ። ዳሌያቸው ላይ ደም ቅዳ ጠቦ ሲሄዱ የሚያማቸውን 111 ሰዎች ከፍሎ ለአንዱ ወገን ስቴንት፣ ለሌላው በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የእግር ጉዞ ሰጠ። ከስድስት ወር በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ መሄድ የቻሉት በጉዞ የታከሙት ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስድስት ወር፣ ሕመሙ እስኪመጣ መሄድ፣ ማረፍ፣ እንደገና መሄድ። ጅግጅጋ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ከፍታዋ 1,600 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሙቀቷ የማያስቸግር ከተማ ናት። ባጃጁን ትቶ በእግር ወደ ገበያ መሄድ እዚህ መድኃኒት ሊባል ይችላል፤ ቁስል ለሌለው ሰው ማለት ነው።

የጅግጅጋ መንገድ

ጡንቻው ያለ ደም ወደሚቆይባቸው ስድስት ሰዓታት ልመለስ። ከጅግጅጋ እስከ ሐረር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ የማርዳን ተራራ አልፎ፣ በባቢሌ አቋርጦ። እስከ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥም በረራው ጓሉ በወረደበት ሰዓት ላይኖር ይችላል። ቶጎ ውጫሌ ላይ እግሩ የቀዘቀዘ ሰው መጀመሪያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጅግጅጋ መምጣት አለበት። ወይም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሐርጌሳ ይሄዳል፤ ዘመድ ያለው ብዙ ሰው እንደዚያ ማድረጉ አያስገርምም። የሽንሌ ሰው ድሬዳዋ ይቀርበዋል፤ ድል ጮራ ሆስፒታል በደጁ ነው። የደም ሥር ፊኛ የሚሠራባቸው የኤክስሬይ ክፍሎችና ልዩ ባለሙያዎቹ ባመዛኙ የተከማቹት አዲስ አበባ ነው።

በዚህ ስሌት ለድንገተኛው መዘጋት አዲስ አበባ መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው በጅግጅጋ ካራማራ ሆስፒታልና በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የሱልጣን ሼክ ሐሰን ያበሬ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሠሩ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞች ጓል በፎጋርቲ ቱቦ ማውጣትን ሠልጥነው፣ ቱቦውም በየልኩ በመደርደሪያ ላይ ኖሮ፣ ሄፓሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ ከመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ሲሰጥ ነው። በሽተኛው መኪና ላይ ሳይወጣ የሚሰጥ አንድ መርፌ ጓሉ እንዳያድግ ይገታል፣ ጊዜም ይገዛል። ይህ የ1963 ጥበብ ነው፤ ስድሳ ዓመት ሞልቶታል። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም የያዛቸውን ልጆች በፔኒሲሊን ማከም ደግሞ ጓሉ ከመፈጠሩ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ለቀስታው መዘጋት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የምናባክነው ግን እኛው ነን። በአካባቢው ሕመም ያለበትን ቦታ በጋለ ብረት ወይም በእሳት መተኮስ የቆየ ሕክምና ነው። ደም በደንብ በሚደርሰው ቆዳ ላይ ጠባሳ ትቶ ያልፋል። ደም በማይደርሰው እግር ላይ ግን መተኮሱ ራሱ የማይድን ቁስል ይሆናል፤ ባህላዊ ሐኪሙ ሊያድን ባሰበበት ቦታ ጋንግሪን ይጀምራል። የቀዘቀዘን እግር በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍም እንዲሁ ነው፤ የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አይናገርም። ወጌሻ ጥብቅ አድርጎ ያሰረው ስብራት የደም ዝውውርን ዘግቶ እግርና እጅ ማስቆረጡ በአገራችን ሆስፒታሎች ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከእነዚህ አዋቂዎች ጋር መነጋገር እንጂ እነሱን ማብጠልጠል አይጠቅምም። በሽተኛው ከነርስ በፊት የሚያየው እነሱን ነው፤ የቀዘቀዘ እግር ሲያዩ እሳቱን ትተው ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ ማስተማር ከአንድ ስቴንት ዋጋ ይረክሳል።

ጫትና ሲጋራ አብረው ይነሡ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብ ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥር ያጠባል። የየመን ሐኪሞች በ2005 ባሳተሙት ጥናት ጫት ቃሚዎች በድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ይበልጥ መጠቃታቸውን አሳይተዋል። ስለ እግር በቀጥታ የተጠና ነገር ጥቂት ነው። የሲጋራው ጉዳይ ግን ክርክር የለውም፤ በምርቃና ሰዓት የሚጨሰው ሲጋራ ከሌላው ሰዓት ይበዛል። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉም ሽያጭ አግዷል። በጫት ቤት ደጅ ላይ ሕጉ ገና ጥርስ አላወጣም። ፊኛ የገባለት ሰው ማጨሱን ከቀጠለ የተከፈተው ይዘጋል፤ ይህን ሳይነግሩ ሥራውን መሥራት የሰውየውን ገንዘብ መጣል ነው።

ሌላው በእጃችን ያለ ሀብት ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ፣ ውዱእ፣ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን በየቀኑ እንዲመለከት ሐኪም ይመክራል፤ ጥቂት ሰው ያስታውሳል። በእነዚህ ከተሞች ግን አብዛኛው ሰው እግሩን በቀን አምስት ጊዜ ይታጠባል፣ ጣቶቹን መሐል ለመሐል ያሻል። በዚያች ደቂቃ ስንጥቅ፣ እሾህ የወጋው ቦታ፣ የጠቆረ ጥፍር አለ ወይ ብሎ መመልከትና በጣቶቹ መሐል ያለውን እርጥበት በደንብ ማድረቅ ምንም ወጪ የለውም። የመስጊድ ኢማሞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብረው ቢናገሩት ማንኛውም ፖስተር የማይደርስበት ቤት ይደርሳል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ መመርመር ይመጣል። ነርስ ሁለት ጣቷን በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎንና በእግር ጀርባ ላይ አድርጋ ትርታ ትፈልጋለች። ካላገኘች የክንድና የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት በእጅ በሚያዝ ዶፕለር (የደም ፍሰት መስሚያ መሣሪያ) ይለካል፤ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ይህ ቁጥር ያታልላል። በካልሲየም የደደረ ደም ቅዳ ለመለኪያው ስለማይጨመቅ የታመመው እግር ጤነኛ መስሎ ይነበባል። ስለዚህ ቁስል ያለበትን የስኳር ሕመምተኛ ቁጥሩ ጥሩ ነው ብሎ ወደ ቤቱ መመለስ አይገባም፤ የጣት ግፊት መለካት ወይም ለተጨማሪ ምርመራ መላክ ነው። በምርመራው በሽታው ከተገኘ አስፕሪን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት በዚያው ቀን ይጀመራሉ። እነዚህ በአገሪቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ውስጥ ያሉ ናቸው። በ2020 የወጣ 6,564 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የእግር ደም ቅዳቸው በቀዶ ሕክምና ወይም በፊኛ ለተከፈተላቸው በአስፕሪን ላይ ሪቫሮክሳባን የተባለ የደም ማቅጠኛ በትንሽ መጠን መጨመር ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል፤ የደም መፍሰስ አደጋውን ጠብቆ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል፤ ፊኛና ስቴንትም ከዚያ አይለዩም። አንድ ቤተሰብ ግመሎቹን ሸጦ በሽተኛውን አዲስ አበባ ወይም ህንድ ሲልክ ከሚያወጣው ውስጥ ብዙው የማረፊያና የመንገድ ነው። ለዚህ ነው የምሥራቁ ክፍል የራሱ የደም ሥር ኤክስሬይ ክፍል ያስፈልገዋል የምለው። ቦታው የት ይሁን ሲባል ለጅግጅጋ ሰው ጅግጅጋ ይሁን ማለት ይቀለዋል። እኔ ግን መጀመሪያው ሐረር ላይ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቢሆን እመርጣለሁ። ከጅግጅጋም፣ ከድሬዳዋም፣ ከሽንሌም፣ ከሐረርጌ ገጠርም ሕሙማን ይደርሱበታል። ለብቻው የቆመ ክፍል በወር ጥቂት ሰው ብቻ ካየ የሐኪሙ እጅ ይዝጋል። ታንዛኒያ በዳሬ ሰላም የሙሂምቢሊ ሆስፒታል ከ2018 ጀምሮ ከአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር የሄደችበት መንገድ ለዚህ አርአያ ይሆናል። ባለሙያዎቹ እየተመላለሱ የአገሬውን ሐኪሞች በራሳቸው ሆስፒታል፣ በራሳቸው በሽተኞች ላይ አሠለጠኑ፣ ተመራቂዎቹም ተራቸውን አስተማሪ ሆኑ። ጅግጅጋ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዶፕለሩን፣ የቁስል ክሊኒኩንና የፎጋርቲ ቱቦውን ይዛ ከቆየች፣ ወደ ሐረር የምትልከው ሰው ጣቱ ከመጥቆሩ በፊት የሚደርስ ይሆናል።